ምርኮኛዋ ብስክሌት

ሞጣ፣ የካቲት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገላው፣ ቢቸና።

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደኅና ነኝ። ጽሕፈቱ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፤ ከአባቴ ከቅኔ መምህሩ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩት ለዳዊት ማንበቢያ እንጂ ለደብዳቤ አልነበረም። «ለምን በሰው አያስጽፉም?» ላልከኝ፣ የሞጣ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ከቀለማቸው ይልቅ ወሬያቸው ቀድሞ ስለሚፈስስ ነው።

የአጎትህ የባላምባራስ ገብረ ኪዳን የአርባ ተዝካር በደኅና ወጣ። ስላልመጣህ ተቀይሜህ ነበር፤ ተማሪ እየፈተንክ መሆኑን ስትጽፍልኝ ግን ተውኩት። ሲሞቱ የተናዘዙልህን ብስክሌት ደግሞ «ምን ዓይነት ናት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ምን ዓይነት ትሁን ልጄ? ሁለት እግር አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ኮርቻዋ ላይ ጥቁሯ ዶሮ ታድርበታለች። ጥላሸት ለብሳለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ሳሻት ግን ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። ከበስተኋላዋ ዕቃ መጫኛ የመሰለ ብረት አላት። ባላምባራስ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በየዓመቱ ለድል በዓል ከጓዳ ያወጧታል፣ ቅቤ ይቀቧታል፣ መልሰው ያስገቧታል። አንድ ቀን ሲቀመጡባት ግን አይቼ አላውቅም። «ለምን አይሄዱባትም?» ስላቸው፣ «የጦር ምርኮ ናት እኮ ይርጋነሽ! መንሸራሸሪያ አደረግሻት?» ይሉኝ ነበር።

አሁን የቸኮልኩበትን ልንገርህ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ ለሚያዝያ 27 ከጣልያን የተማረከ ዕቃ ሁሉ በአደባባይ ይታይ ብሏል። ጸሐፊው አስጠራኝና «የምርኮ ብስክሌት አለዎት አሉ» አለኝ። «አለኝ» አልኩ። «ዓይነቷ ምንድን ነው? በድምፅ ማጉያ የሚነገር ስም ያስፈልገናል» አለ። ጠመንጃው ሁሉ እኮ ስም አለው፤ አልቢን፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር እየተባለ ይጠራል። የእኛዋ እንዲያው «ብስክሌት» ተብላ ብትቀር ውርደት አይሆንም? ንብረቱ ያንተ ነውና ፈቃድህን፣ የተማርክ ነህና ስሟን ላክልኝ።

ሌላም ነገር አለ። ልተወው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጎረቤታችን ቀኛዝማች ውበቴ በማኅበር ላይ ተቀምጠው፣ «አምስቱን ዓመት ከገብረ ኪዳን ጋር አንድ ጫካ ነበርኩ፤ ብስክሌት ቀርቶ ጫማ አላየሁበትም» ብለዋል። ሰው ደግሞ የሰማውን ሰምቶ ዝም አይልም። ወሬው ገበያ ሲደርስ «ጣልያን ሸልሞት ነው» ሆኗል። ባላምባራስ ባንዳ ሊባሉ! እኔ የባንዳ ሚስት ልባል! ጾም ባይሆን ኖሮ በር ድረስ ሄጄ የምለውን ባልኳቸው።

ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ ይርጋነሽ


ቢቸና፣ መጋቢት 2 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፤

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ እነሣለሁ። የተዝካሩን መቅረቴን ይቅር ስላሉኝ እንቅልፌ ተመልሷል። ፈቃድ የጠየቁኝን ግን ሳነብ አፈርኩ። እኔ ለእርስዎ ልፈቅድ? የፈለጉትን ያድርጓት።

ስለ ዓይነቷ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተመካክሬያለሁ። ኑርዬ ይባላል፤ የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ነው። በአንድ አጥር ነው የምንኖረው። ያደገው አስመራ ነው። እዚያ ሰው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በብስክሌት ነው የሚሄደው ይላል። ደብዳቤዎን ሳነብለት፣ የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«አረንጓዴ ናት አሉ?»

«አዎ።»

«ከኋላዋ መጫኛ አላት?»

«አላት።»

«በቃ። የጣልያን ወታደር ብስክሌት ናት። መጫኛው የመትረየስ ጥይት ሣጥን የሚታሠርበት ነው።»

«ሳታያት?» አልኩት።

«ወባንም አይቻት አላውቅም፤ አክማታለሁ» አለኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ የአጎቴ ስም ንጹሕ ነው። ያለ ሐሳብ ይዋሉ። ኑርዬ ግን ምርመራውን ለመጨረስ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ ብሎ በራሱ እጅ ጽፎ ከዚህ ጋር አያይዟል። የሐኪም ጽሕፈት ስለሆነ እኔም ምን እንደሚል በደንብ አላወቅሁም።

እንደው አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በዓሉ ሲያልፍ ብስክሌቷን ወደ ቢቸና በሚመጣ ጭነት ላይ ቢያስጭኑልኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባንቺዓለም የምትባል መምህርት አለች። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤት መንገዱ ሩቅ ነው። «ብስክሌት ወርሻለሁ፤ ከኋላዬ አስቀምጬ እወስድሻለሁ» ብያታለሁ። ያን ጊዜ መጫኛው የጥይት መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ታዛዥዎ ገላው


ሞጣ፣ መጋቢት 11 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገላው።

እልልታዬ ቢቸና ካልተሰማ ነፋሱ ወደ ሌላ ቢነፍስ ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ! ድሬሰሩንም የሰው ነፍስ አዳኝ ያድርገው፤ የሙት ነፍስማ አድኗል።

ደብዳቤህን ለማንም አላሳየሁም። ለንስሐ አባታችን ለአባ ወልደ ኪዳን ብቻ አነበብኩላቸው። ከዚያ ለማኅበርተኞቼ። ከዚያ ውኃ ለሚቀዱት። ከዚያ በቀኛዝማች ውበቴ በር ሳልፍ «የመትረየስ ጥይት» የሚለውን ቦታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ቀኛዝማች ብቅ ብለው «ጥይቱስ የት ገባ?» አሉኝ። «ጣልያን ላይ አልቆ ነው!» አልኳቸው። ገቡ።

ጸሐፊውም ደስ ብሎታል። በበዓሉ ወረቀት ላይ «የጣልያን የጦር ብስክሌት» ተብላ ታትማለች።

የድሬሰሩን ወረቀት መጀመሪያ የመድኃኒት ማዘዣ መስሎኝ ነበር። ኋላ ከአባ ወልደ ኪዳን ጋር አንድ አንድ ቃል እየለቀምን አነበብነው። መልሱ እንዲህ ነው፤ ንገረው።

አንገቷ ላይ የተለጠፈ ብረት አለ ወይ ላለው፣ አለ። በአመድ ፈትጌ አጠራሁት። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ስለዚህ እንዳየሁት እነግረዋለሁ። የመጀመሪያው ከጎኑ ሲያዩት አልጋ ነው። ሁለተኛው የእኛው «ሀ» ነው፤ ይህንንም ወስደውብናል ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለት ተራራ ነው፣ መካከሉ ገደል። አራተኛው ጡቷም ሆዷም የገፋ እርጉዝ ሴት ነው። አምስተኛው ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ነው። የመጨረሻው አንድ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ የቆመ ራሰ ትልቅ ሰው ነው።

ከኮርቻው እስከ መሪው የሚደርሰው ብረት ውፍረቱ ምን ያህል ነው ላለው፣ እዚያ ቦታ ብረት የለም። ባዶ ነው። ብረቱ ወገቧ እንደተሰበረ በቅሎ ወደታች ጎብጦ ነው የሚሄደው። መቼም ጦርነት ላይ ነው የጎበጠው።

የኋላው ጎማ ላይ የተለየ ነገር አለ ወይ ላለው፣ አለ እንጂ! ይህን ባይጠይቅ ቅር ይለኝ ነበር። ከጎማው በላይ ግራና ቀኝ ክር እንደ በገና ተወጥሮባታል። ጥቂቱ ተበጥሷል። ወታደሩ ዘብ ሲቆም ሲሰለቸው የሚደረድራት ትሆን? ጣልያን ዘፈን ነፍሱ ነው ሲሉ እሰማለሁ።

ባንቺዓለም የማን ልጅ ናት? የልጅቱን ዘር ሳትነግረኝ ከጥይት መጫኛ ላይ አታስቀምጣት።

አክስትህ ይርጋነሽ


ቢቸና፣ መጋቢት 22 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፤

ደብዳቤዎ በደኅና ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወደ ሞጣ የሚመጣ ነጋዴ ጠፍቶ ነው። ነጋዴ ተገኝቶ ነበር፤ ግን ወረቀት ጠፋ።

ቢቸና ፀሐዩ በርትቷል። ገበያው ጥሩ ነው። የከብት በሽታ ገብቶ ነበር፤ አሁን እየለቀቀ ነው ይላሉ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎን ያምዎት የነበረውስ? ወገብ የሚያመው ሰው ነገር ማብዛትና መቆጣት የለበትም ይላል ኑርዬ። አክብሮ ሰላም ይልዎታል።

የብስክሌቷን ነገር ኑርዬ ገና እያጠና ነው። እስከዚያው ድረስ በመትረየሱ ጉዳይ ብዙም ባይናገሩ ደግ ይመስለኛል። በዘፈኑም እንደዚሁ።

የባንቺዓለም አባት የእነማይ ሰው ናቸው፤ ደኅና ቤተሰብ ነው።

ታዛዥዎ ገላው


ሞጣ፣ መጋቢት 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

ገላው!

ስለ ቢቸና ከብቶች ጤንነት ስላስታወቅኸኝ አመሰግናለሁ። የቅኔ መምህር ልጅ መሆኔን ግን ረስተኸዋል። ሰሙ የከብት በሽታ ነው፤ ገብቶኛል። ወርቁን አምጣ።

ይርጋነሽ


ቢቸና፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፤

ሰሙነ ሕማማት ነውና ስግደቱን እየሰገድኩ ነው፤ ግማሹን ለእርስዎ አድርጌዋለሁ። ደብቄዎታለሁ። ከክፋት አይደለም፤ በምን ቃል እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። አሁንም ስላልተገኘልኝ ከኑርዬ ጋር የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፈው።

ፊደሎቹን እርስዎ እንደነገሩን በጠመኔ ሣልኳቸው። አልጋው፣ ሀው፣ ተራራው፣ ሁሉም ልክ ነበሩ። ሲነበብ «ሐምበር» ይላል። ኑርዬ ሲያየው የቀመሰው መድኃኒት እንደመረረው ሰው ፊቱን አጠቆረ።

«ይኼ የእንግሊዝ ነው» አለ።

እኔም የአጎቴን ስም ላተርፍ ብዬ፣ «ጣልያን ከእንግሊዝ ማርኳት፣ አጎቴ ደግሞ ከጣልያን ማርኳት ይሆናል» አልኩት።

«ይሁን እሺ። የጎበጠውስ ብረት?»

«ጦርነት ላይ ነው የጎበጠው።»

«አይደለም። ፋብሪካው ነው እንዲያ አድርጎ የሠራው። ቀሚስ የለበሰ ሰው እግሩን ሳያነሣ እንዲወጣባት ነው።»

«ክሩስ? በገናው?»

«ቀሚሱ ጎማው ውስጥ ገብቶ እንዳይጠለፍ።»

«የእንግሊዝ ወታደር ቀሚስ ይለብሳል?» አልኩት።

ኑርዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ። ሞት ሲያረዳም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

እትዬ፣ ብስክሌቷ የሴት ናት።

ስለ መትረየሱ ኑርዬ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሏል። በሽታው መጀመሪያ ሌላ መስሎ ነበር፣ ምልክቱ ሲበዛ ነው የታወቀው ይላል።

መልካም ፋሲካ ያድርግልዎ ልል ብዕሬ ይፈራል።

ታዛዥዎ ገላው


ሞጣ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለገላው።

ፋሲካ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ፈስኳል፤ እኔ ግን የዶሮውን ወጥ ቀምሼ ተውኩት። ኮርቻው ላይ የምታድረው ያችው ጥቁሯ ናት የታረደችው። ምን አጠፋች ብለህ አትጠይቀኝ። ማየት አስጠላኝ።

ካገባሁት ጀምሮ «እሳቸው» እያልኩ ኖርኩ። ሲቆጣም እሳቸው፣ ሲያንኮራፋም እሳቸው፣ ሲሞትም እሳቸው። ከዛሬ ጀምሮ «እሱ» ነው። መጀመሪያ ስጽፈው ከበደኝ፤ ሁለተኛ ስጽፈው ግን ቀለለኝ። እሱ! እሱ! እሱ!

የማናት? የማናት ገላው? የሴት ብስክሌት በቅቤ እያሸ በዓመት በዓመቱ የሚያወጣው ማንን ሊያስብባት ነው? ባንዳ በሆነ ይሻለኝ ነበር! ለባንዳው ንጉሡ ምሕረት አድርገውለታል፤ ይህን ግን የምምረው እኔ ነኝ፤ አልምርም። አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ ሴትዮዋን ነግሮዎታል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ የንስሐ ነገር አይወጣም» አሉኝ። እንግዲያው የማይወጣ ነገር አለ ማለት አይደለም? «ሴት የሚባል ነገር የለም ይበሉኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ያለውንም የሌለውንም አልልም» ብለው መስቀል አሳልመው አሰናበቱኝ። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል?

ከጎኗ ቆሜ ተለካክቻለሁ። ኮርቻዋ ከወገቤ ይደርሳል። ሴትዮዋ ቁመቷ እንደእኔ ነው። ረጅም እንኳ አይደለችም! የእሱን ፎቶግራፍ ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ጀርባውን እያዩ መሳደብ አይመችም፤ መልሼ አዙሬዋለሁ።

አሁን በዓሉ ደረሰ። ጸሐፊው ሰው እየላከ «ብስክሌቷን ያሳምሯት» ይለኛል። ታመምኩ ብዬ ልቅር? ቤቴ ተቃጠለ ልበል? ብስክሌቷን ገደል ልስደዳት? አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። የመጣች ዕለት ትዝ ይለኛል፤ በተጋባን በዓመቱ ገደማ ነው። ሹመቱን ሊቀበል አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ በበቅሎ ጭኖ ነው ያመጣት። «በጦርነቱ ጊዜ ደጀን ዋሻ ውስጥ ደብቄያት ነበር» አለ። ጫኙ ደምለው የሚባል የደጀን ሰው ነበር። በሕይወት ካለ ፈልገህ ጠይቀው። እውነቱ ምንም ቢሆን ሳታሽሞነሙን ጻፍልኝ። ስለ ከብት አንድ ቃል እንዳታነሣ።

ይርጋነሽ


ደጀን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ፤

ይህን የምጽፈው ደጀን፣ ከአቶ ደምለው ቤት ሆኜ ነው። በሕይወት አሉ። በቅሎውን ትተው መኪና መንገዱ ዳር ለሾፌሮች አልጋ ያከራያሉ። ከፊቴ ተቀምጠው «ይኼን ጻፍ፣ ያን ጨምር» እያሉ ያዋክቡኛል። እርስዎ እንዳሉት ሳላሽሞነሙን ልጻፍ።

ከአጎቴ የወረስኩትን ብስክሌት ስጠቅስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቁን አቆሙና «ሞተ? ሳይነግራት?» አሉ።

«ምኑን?» አልኳቸው።

«ብስክሌቷን ለሚስቱ እንደገዛት።»

እትዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ አሁን ደነገጥኩ። አስደገምኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ለሹመት አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ አንዲት የፈረንጅ ሴት በብስክሌት ዳገት ስትወጣ ያያሉ። ቆመው እስክትጠፋ ያዩዋታል። ያን ጊዜ እርስዎ አዲስ ሙሽራ ነዎት፤ እናትዎን እየናፈቁ ያለቅሱ ነበር አሉ። ሠርገኛ ፊት በቅሎ ጥላዎት ስለነበር ደግሞ በቅሎ የሚባል አይቀርቡም፤ በእግር እንዳይሄዱ መንገዱ ሩቅ ነው። አጎቴም «ይህችስ አትራገጥም፣ አትነክስም፤ ይርጋነሽ በዚች ሄዳ እናቷን ታያለች» ብለው ገዟት። እስከ ደጀን በመኪና፣ ከደጀን ሞጣ በአቶ ደምለው በቅሎ መጣች።

«መንገዱን ሙሉ ንግግር ሲያጠና ነው የሄደው» አሉኝ አቶ ደምለው። «'ይርጋነሽ፣ ይህችን ላንቺ ነው ያመጣኋት' ይልና 'ደረቅ ሆነች፤ አይደል?' ይለኛል። እንደገና ይጀምራል። እኔን ሚስቱን ሁን ይለኛል። እኔም ቀጭን ድምፅ አውጥቼ 'ምነው ባክዎ፣ ይህን ያህል ምን አደከመዎት!' እለዋለሁ። 'እሷ እንዲያ አትልም' ብሎ ይቆጣኛል።»

ሞጣ ሊገቡ ሲሉ ከሠርግ የሚመለስ ሕዝብ ያገኛቸዋል። በበቅሎዋ ላይ የተጫነውን ያየ አንዱ ሞቅ ያለው ሰው፣ «ገብረ ኪዳን ምርኮውን አመጣ!» ብሎ ይጮኻል። ፎከሩ፣ ሸለሉ፣ ጥይት ተተኮሰ። አጎቴ «ኧረ ቆዩ» ሲሉ ማን ይስማቸው። እንዲያ እንደታጀቡ ደጃፍዎ ደረሱ። እርስዎም ወጡ።

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ አቶ ደምለው። «እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት 'ጀግናዬ!' አለችው። ንግግሩን ሊጀምር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። በጆሮዬ 'ነገ እነግራታለሁ' አለኝ። በማግስቱ ስለየው 'ፉከራው ይብረድ' አለኝ። ከዚያ በኋላ በደጀን ባለፈ ቁጥር 'ነገርካት?' እለዋለሁ። አንድ ቀን ተናደደ። 'ጀግናዬ ብላኛለች ደምለው! አንድ ጊዜ ነው ያለችኝ። ያን ቃል እንዴት አድርጌ ልመልስላት?' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም።»

እትዬ፣ የዋሻው ነገር ፈጠራ ነው። ምርኮውም። ሴትዮዋ ግን እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ አጎቴ የእኔ ያልሆነውን ነው የተናዘዙልኝ። ብስክሌቷ የእርስዎ ናት፤ ውርሱን ትቻለሁ። ለኑርዬ ከዚህ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። «ጎማዎቹ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተው ደኅና አይሆኑም» ብሎ ከሾፌሮች እንድፈልግ አዘዘኝ፤ አግኝቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። የመትረየሱ ካሣ ይሁንልኝ ብሏል። ለባንቺዓለም የምነግራትን ግን አላወቅሁም።

ለበዓሉ ምን እንደሚሉ እኔ አልመክርዎትም። አቶ ደምለው ግን አንድ ነገር ጻፍ ይሉኛል፦ «ቢዋሽም ለሌላ ሰው ብሎ አልዋሸም።»

ታዛዥዎ ገላው


ሞጣ፣ ግንቦት 6 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገላው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አንብቤ ስጨርስ አልጋው ላይ ቁጭ እንዳልኩ መሸ። የሳቅሁት ይበልጥ ወይ ያለቀስኩት፣ አላውቀውም። ፎቶግራፋቸውን አወረድኩና «ምናለ አንድ ቀን ቢነግሩኝ?» አልኳቸው። አየህ፣ «እሳቸው» ተመልሷል። ሳላውቀው ነው የተመለሰው። «ጀግናዬ» ያልኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ልላቸው ፈልጌ አፍሬ ትቼዋለሁ። እሳቸው በብስክሌቷ አፈሩ፣ እኔ በቃሉ አፈርኩ፤ እንዲህ ሆነን አረጀን።

ስለ በዓሉ ልንገርህ። አልቀረሁም። ብስክሌቷን አጠብኳት፣ ቅቤ ግን አልቀባኋትም፤ ለሰው ልጅ የተገዛች ናት እንጂ ታቦት አይደለችም። ራሴ እየገፋሁ አደባባይ አመጣኋት። ጸሐፊው በድምፅ ማጉያው «የጣልያን የጦር ብስክሌት! ባላምባራስ ገብረ ኪዳን የማረኳት!» አለ። ጭብጨባው ሳያልቅ ማጉያውን ከእጁ ተቀበልኩት። ነጠቅሽው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው፣ ተቀበልኩት ነው።

«አልተማረከችም» አልኩ። ድምፄ ከዛፉ ላይ ከተሰቀለው ጡሩምባ መልሶ ሲመጣብኝ ደነገጥኩ፤ ግን ቀጠልኩ። «የሴት ብስክሌት ናት። ባሌ እናቴን እንድጠይቅባት ብለው ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡልኝ። እናንተ ምርኮ ነው ብላችሁ ጮኻችሁ፤ እኔም ጮኽኩ። እሳቸውም አፍረው ዝም አሉ። እውነቱ ይኸው ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሁለተኛው ሳቀ፤ ሊዳረስ ነው ስል ቀኛዝማች ውበቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። መጡና ማጉያውን ከእኔ ተቀበሉ።

«እኔ ብስክሌት አላየሁም አልኩ እንጂ ባንዳ ነው አላልኩም» አሉ። «ባንዳ ያላችሁት እናንተው ናችሁ። ዓባይ በረሃ እግሬን ተመትቼ ስወድቅ፣ ጣልያኖቹ ድምፃቸው እስኪሰማኝ ቀርበው ነበር። ሌላው ሲሸሽ ገብረ ኪዳን ተመለሰ። በጀርባው አዝሎ ያን ዳገት አወጣኝ። ምርኮ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ከጣልያን እጅ የማረከው እኔን ነው። እዩኝ!»

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባላምባራስ ያላደረጉትን ተሸልመው፣ ያደረጉትን ዝም ብለው ነው የሞቱት። ኋላ ቀኛዝማችን «ለምን እስከዛሬ አልተናገሩም?» ብላቸው፣ «ሰው ጀርባ ላይ መታዘል ለአርበኛ ይወራል?» አሉኝ። ወንዶች ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ?

ጸሐፊው ግራ ገብቶት «ታዲያ ምን ብዬ ልጥራት?» አለኝ። «የይርጋነሽ ብስክሌት በል» አልኩት። ማጉያውን አስጠግቶ እንዲያ አለ። በሕይወቴ ስሜ እንዲያ ጮኾ ተጠርቶ አያውቅም።

ውርሱን ትቻለሁ ያልከውን ይመርቅህ ብዬ ተቀብያለሁ። ባንቺዓለምን በእግርህ አድርሳት። በእግር ሲሆን መንገዱ ይረዝማል፤ ለወሬ ይመቻል፤ የብስክሌት ኋላ ላይ ያለች ሴት የምታየው ጀርባ ነው። ለክረምቱ ሁለታችሁም ኑ፤ ልያት።

የላክኸው ጎማ ልክ ሆነ። የቴሌ ሠራተኛው ገጠመልኝ። አዎ፣ እየተማርኩ ነው። «በዚህ ዕድሜዎ?» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ አባ ወልደ ኪዳን አስቀድመው ብለውኛል። ቀሚሴ አልተጠለፈም፤ ለክሩ እንግሊዞቹን አመሰግናለሁ፤ የተበጠሰውን በጥጥ ፈትል ተክቼዋለሁ። ቀኛዝማች ውበቴ ኮርቻውን ይዘው እያነከሱ ይከተሉኛል። እግራቸው እንደልብ ስለማይሮጥ ቶሎ ይለቁኛል፤ ስለዚህ ቶሎ ተማርኩ። ትናንት ከገበያው ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ማንም ሳይዘኝ ሄድኩ። ሰው መንገዱን ለቀቀልኝ፤ በአክብሮት ይሁን በፍርሃት አልጠየቅሁም። እናቴ አሁን በሕይወት የለችም፤ መቃብሯ ግን ካለበት አለ። መስኩ ሳይጨቀይ ሄጄ አያታለሁ።

ድሬሰር ኑርዬን ሰላም በልልኝ፤ አንድ ነገር ደግሞ በቶሎ ጠይቅልኝ። ማስነሣቱን ዐወቅሁ፤ መጠምዘዙንም እየለመድኩት ነው። የምትቆመው ግን በምንድን ነው? እስካሁን የማቆማት በቀኛዝማች አጥር ነው። ቀኛዝማች ምንም አላሉኝም፤ አጥሩ ግን እያለቀ ነው።

አክስትህ ይርጋነሽ